ቃላድ ያልተጣለበት አገር

ብዙ አንባቢ የጎጃምን ታሪክ የሚያውቀው በቁራጭ ነው። አንዱ የበላይ ዘለቀን ስቅላት ያነሳል፤ ሌላው የ1960 ዓ.ም.ን የገበሬ አመፅ፣ ሌላው የደርግን ኮታ፣ ሌላው ደግሞ የ1989ን የመሬት ድልድል ያስታውሳል። ለየብቻ ሲወሩ ጎጃምን የመጣውን መንግሥት ሁሉ እንቢ የሚል አገር ያስመስሉታል። አያይዞ ላነበባቸው ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ አንድ ክርክር ናቸው። ክርክሩ ከኢትዮጵያ ስለ መነጠል አልነበረም። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከደጋ ዳሞት እስከ ወምበርማ ያለው ገበሬ ንጉሥ ወይም መንግሥት መኖሩን አልተቃወመም። የጠየቀው መሬቱን ማን ይቁጠር፣ ግብሩን ማን ይተምን፣ ዳኛውን ማን ይሹም ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲገባን ከርስት እንጀምር። በዳሞት መሬት በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ንብረት አልነበረም። አገሩን መጀመሪያ አቀና የሚባል ዋና አባት ነበር፤ ከእርሱ በአባትም በእናትም ወገን የሚወለድ ሁሉ ትውልድ ቆጥሮ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ድርሻውን የሚያስከብረው፣ በሙግት የሚቆመው፣ ግብሩንም ከዘመድ ሰብስቦ የሚያስረክበው ፈጅ የሚሉት የዘሩ ተጠሪ ነው። አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1950ዎቹ አጋማሽ ደጋ ዳሞት ውስጥ ኖሮ ይህን ሥርዓት በዝርዝር አጥንቶታል። ሥርዓቱ ወረቀት አልነበረውም፤ ማስረጃው የሽማግሌ ቃል ነው። እንዲህ ባለ አገር የመለኪያ ገመድ ይዞ የሚመጣ ሹም የሚለካው እርሻውን ብቻ አይደለም። መሬቱን ከዘር አውጥቶ በግለሰብ ስም ያሰፍራል፤ ፈጁን ከሥራ ውጭ ያደርጋል፤ ሙግቱንም ከሽማግሌ ዳኝነት ወደ ቢሮ ይወስዳል።

ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። ከዓባይ ማዶ፣ በደቡብ፣ ቃላድ የሚሉት የመለኪያ ገመድ በተጣለበት አገር ብዙ ገበሬ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ጎጃሜ ነጋዴም ወታደርም ይህን በዓይኑ አይቶ ተመልሷል።

ከደጃዝማች ጎሹ እስከ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት (1845–1893)

በዘመነ መሳፍንት ዳሞትና ጎጃም የራሳቸው ጌቶች ነበሯቸው። ከእነርሱ ታላቅ የነበሩት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ጉር አምባ ላይ በደጃች ካሣ ጦር ተሸንፈው ወደቁ። ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ያሰቡት ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር፦ የየአገሩን ባላባት ሽሮ ከዙፋን በሚሾም ሰው መግዛት፣ ለወታደር ደመወዝ መቁረጥ፣ የቤተ ክርስቲያንን መሬት መቀነስ። አሳቡ ታላቅ ነበር፤ የሚያስፈጽመው ጦር ግን ቀለቡን የሚወስደው ከገበሬው ጎተራ ነው። ጎጃም በተድላ ጓሉ መሪነት ሸፈተ፤ ቴዎድሮስም እስኪሞቱ ድረስ አገሩን አጽንተው መያዝ አልቻሉም። ማዕከሉ ለጎጃም ገበሬ መጀመሪያ የታየው ዘማች ሠራዊት ሆኖ ነው፤ ይህ ትዝታ ቶሎ አልጠፋም።

ዐፄ ዮሐንስ ሌላ መንገድ ሞከሩ። በጥር 1873 የጎጃሙን ገዢ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አደረጓቸው። ንጉሠ ነገሥቱ የበላይ ሆነው ጎጃም በራሱ ንጉሥ ሊተዳደር፣ ግብር ሊልክ፣ ሲዘመት አብሮ ሊዘምት ነበር። ብዙ አልቆየም። በ1874 ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ እምባቦ ላይ ተዋግተው ምኒልክ አሸነፉ። በ1880 ጥር ላይ የጎጃም ጦር ሣር ውኃ ላይ በሱዳን መሐዲስቶች ተሰበረ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር በዮሐንስ ላይ ሲመክሩ ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 መጀመሪያ ጎጃም ገብተው አገሩን አጠፉት። የሁለት ነገሥታት ጠብ የተከፈለው በገበሬው ከብትና እህል ነው።

ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ሲሞቱ ምኒልክ ጎጃምን ከፋፍለው ለተለያዩ ሹማምንት ሰጡ። አንድ ንጉሥ ይዞት የነበረው አገር ዳግም እንዳይጠነክር ታስቦ የተደረገ ነው።

ራስ ኃይሉና የሸዋ ሹማምንት (1893–1928)

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ጎጃምን ያዙ። የአገር ልጅ ናቸው፤ የንጉሥ ዘር ናቸው። ማዕከሉን የሚቃወም ሁሉ እዚህ ላይ ሊያስብ ይገባል፤ ምክንያቱም ራስ ኃይሉ በገበሬው ላይ ከብዙ የሸዋ ሹም የከበደ ጫና ጫኑ። ግብሩ በዛ፣ ኬላው በዛ፣ ሹመትም በገንዘብ ሆነ። ራሳቸው ነጋዴ የነበሩ ገዢ ስለሆኑ በአዲስ አበባ ሳይቀር ሀብት አፈሩ። አቤቱታ ይዞ አዲስ አበባ የሄደው የጎጃም ሰው ብዙ ነበር። የቅርቡ ጌታ ሲከብድ ገበሬው የሩቁን ንጉሥ ለዳኝነት ይለምናል፤ ይህን እውነት የአካባቢ አስተዳደርን የሚያወድሱ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

በሐምሌ 1923 የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። በረቂቁ ዙሪያ ታላላቆቹ መሳፍንት የአባት ግዛታቸው በውርስ እንዲጸናላቸው ፈልገው ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ሹመት ሁሉ ከዙፋን እንዲመነጭ ቆረጡ፤ የሆነውም እርሱ ነው። የመሳፍንቱ ክርክር ማዕከሉን የሚገታ ክርክር ይመስላል። ሲመረመር ግን የገበሬውን መብት አልጠቀሰም፤ የጠበቀው የጌታውን ርስተ ጉልት ነው።

በ1924 ራስ ኃይሉ ከሥልጣን የወረዱትን ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር በማስመለጥ ሤራ ተከሰው ተያዙ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። በእርሳቸው ፋንታ የንጉሡ ዘመድ ራስ እምሩ ጎጃም ተሾሙ። ራስ እምሩ በቅንነታቸው የሚታወቁ፣ ግብሩን በሥርዓት ለማድረግ የሞከሩ ሰው ነበሩ። ሆኖም አብረዋቸው የመጡት ሹማምንት የሸዋ ሰዎች ነበሩ፤ ለዘመናት ከተክለ ሃይማኖት ቤት ሹመት የለመደው የጎጃም መኳንንት አኮረፈ። ራስ እምሩ በ1928 ሽሬ ግንባር ላይ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከኋላቸው በደብረ ማርቆስ አመፁ። በጎ ገዢ መላክ ብቻውን ጥያቄውን እንደማይመልስ የታየው ያን ጊዜ ነው። ከገዢው ጠባይ ይልቅ ያስቆጣው እርሱን የመምረጥ ሥልጣን የት እንዳለ ነበር።

ከድል ማግስት (1933–1943)

በአምስቱ የጠላት ዘመን ጎጃም በብዙ አርበኛ እጅ ነበር፦ በላይ ዘለቀ በቢቸና፣ ኃይሉ በለው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ በምዕራቡ ወገን። የእነዚህን አርበኞች መሬት ተንተርሶ ነው ንጉሡ ከሱዳን የተመለሱት። የካቲት 1933 ጣሊያኖች ቡሬን ለቅቀው ወደ ደምበጫና ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ፤ መጋቢት መጨረሻ ላይ ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉም እዚያው እጃቸውን ሰጡ።

ጎጃሜ ከዚህ ድል በኋላ የጠበቀው ውለታ ነበር። የደረሰው ግን አዋጅ ነው። በ1934 መሬት እየተለካ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በጋሻ እንዲገበር ታዘዘ። አምስት ዓመት ጠላትን በዱር ሲወጋ የኖረ ሰው፣ በመጀመሪያው የሰላም ዓመት ገመድ ይዞ የመጣ ጸሐፊ ደጃፉ ቆመበት። ለኪዎቹ ተባረሩ፤ በየአውራጃው መሣሪያ ተነሳ።

የመንግሥቱም ምክንያት ቀላል አልነበረም። አገሩ ከጦርነት ወጥቷል፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ መንገድ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። በየአካባቢው እንደ ልቡ የሚያስገብር ጌታ ባለበት አገር አንድ ዓይነት ግብር መደንገግ ፍትሕ ይመስላል። በአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያየው የጎጃም እምቢታ ኋላ ቀርነት ነበር። ከዳሞት ሆኖ ለሚያየው ደግሞ የመጨረሻው መጠጊያ ነበር።

በላይ ዘለቀ ከማዕከሉ ጋር ተጋጭተው እጅ ሰጡ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተቀየረላቸው፤ ከእስር ሊያመልጡ ሲሞክሩ ተይዘው በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ለጎጃም ሰው ይህ ሞት እስከ ዛሬ ቁስል ነው። በዚያው በ1937 ግን የግብር አዋጁ ሲሻሻል ለም መሬት በጋሻ 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40፣ ጠፍ 15 ተብሎ ሲደነገግ ጎጃም፣ ቤጌምድርና ትግሬ ከዚህ ወጡ። ከጠላት ወረራ በፊት ይገብሩት በነበረው መጠን እንዲቀጥሉ ተደረገ። አርበኛው ተሰቀለ፤ ክርክሩ ግን አሸነፈ።

በ1942 እና 1943 ልኬታው እንደገና ተሞከረ። አመፁም ተመለሰ፤ መንግሥትም ዳግመኛ ሸሸ። ከዚህ በኋላ በጎጃም አንድ ዓይነት ያልተጻፈ ውል የጸና መሰለ፦ ንጉሡ ይከበራሉ፣ መሬቱ አይለካም።

ገበሬው ያሸነፈበት ዓመት (1953–1961)

በ1953 ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ሆኑ። ሸዌ ናቸው፤ ለዙፋኑ ታማኝ፣ ለሕዝቡ ቁጡ። የጦር መሣሪያ እንዲመዘገብ አስገደዱ፣ ነጭ ለባሽ የሚባል የአካባቢ ታጣቂ አደራጁ፣ መዋጮ አበዙ። ጠመንጃውን የነጻነቱ ምስክር አድርጎ ለሚያይ ገበሬ ምዝገባው ለመግፈፍ የተዘረጋ የመጀመሪያ እጅ ነበር።

በዚህ ላይ በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በወረቀት ሲታይ ከቀድሞው የተሻለ ነው። አሥራትን ሽሮ በገቢ መጠን እየጨመረ የሚሄድ ግብር ይተካል፤ ትልቁ ባለ መሬት ብዙ፣ ትንሹ ጥቂት እንዲከፍል ያስባል። ፓርላማው ውስጥ የተቃወሙትም ባለ ብዙ ጋሻዎቹ ናቸው። ጎጃም ሲደርስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ምርት ገማቾች ወደ እርሻው መግባት ነበረባቸው፤ ገማች የገባበት መሬት ነገ ይለካል፣ የተለካ መሬት ርስትነቱ ያከትማል ብሎ ገበሬው ደመደመ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ሙከራ ስለሆነ ጥርጣሬው ከልምድ የመጣ ነው።

አካሄዱን ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ተመርጠው ለአውራጃ ገዢ አቤት አሉ። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ መልእክተኞች ሄዱ። እንደራሴው እንዲነሱ፣ ገማቾች እንዳይገቡ ለመኑ። መልሱ ሲዘገይና ተመልሶ በዚያው በፀሐዩ እጅ ሲወድቅ ገበሬው ተማምሎ መሣሪያ አነሳ። አመፁ በሞጣና በቢቸና ጠነከረ፤ ዳሞትም ተነሳ። በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እየተሰበሰቡ ግብር ላለመክፈል፣ ሹም ላለመቀበል፣ የተስማሙበትን በከዳ ሰው ላይ ለመፍረድ ተማማሉ። መሪዎቹ መኳንንት አልነበሩም፤ አብዛኞቹ በአጥቢያቸው ብቻ የሚታወቁ ገበሬዎችና የቀድሞ አርበኞች ናቸው። ከተክለ ሃይማኖት ዘር ማንንም ለማንገሥ አልጠየቁም። ይህን ነጥብ አጥብቄ እይዘዋለሁ፦ በ1923 መሳፍንቱ ለራሳቸው ያነሱትን ክርክር በ1960 ገበሬው ወስዶ የራሱ አድርጎታል።

መንግሥት መጀመሪያ እንደራሴውን አንስቶ ደጃዝማች ደረጀ መኮንንን ሾመ። አመፁ አልበረደም። ጦር ተላከ፤ አየር ኃይልም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ደብረ ማርቆስ ሄደው ከ1942 ጀምሮ የተከማቸውን ውዝፍ ግብር ማሩ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ ይህን አመፅ ከባሌና ከትግራይ አመፆች ጋር አነጻጽሮ ጽፎበታል። በዘመኑ ከተነሱት የገበሬ አመፆች እንዲህ ግልጽ ድል ያገኘ ጥቂት ነው።

በሌላ ዓለም የተደረገ ተመሳሳይ ክርክር እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይገባዋል። አሜሪካኖች ሪፐብሊካቸውን ሲያቆሙ፣ በ1780 ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ እንደ ቨርጂኒያው ፓትሪክ ሄንሪ ያሉ ሰዎች አዲሱን ሕገ መንግሥት ተቃውመው ነበር። ሩቅ ያለ መንግሥት ግብር የመጣልና ቋሚ ጦር የማቆም ሥልጣን በአንድ እጅ ከያዘ ሕዝቡ ነጻነቱን አያስጠብቅም የሚል ስጋት ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ እነርሱም ተሸነፉ፤ ነገር ግን ግፊታቸው የመብቶች ድንጋጌ እንዲጨመር አደረገ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬዎች በውስኪ ላይ የተጣለውን ግብር አንከፍልም ብለው ሲነሱ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን 13,000 ገደማ ጦር አስከትለው ዘመቱባቸው። የጎጃም ገበሬ ከእነዚያ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የሚናገርለት ሄንሪ አልነበረውም። ድሉ በወረቀት አልሰፈረም፤ ንጉሡ ማሩ እንጂ መብት አልተደነገገለትም። ምሕረት ደግሞ ሰጪው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

ከዚህ ድል ጎን የሚቆም ሌላ እውነት አለ። ርስት ለሁሉም አልነበረም። ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ፣ ከባሪያ የተወለደው ሰው ትውልድ ቆጥሮ መሬት የሚጠይቅበት ደጅ ተዘግቶ ነበር። ገመዱን ያባረረው ክንድ ይህንንም ሥርዓት ጠብቋል።

ንጉሥ የሌለበት መንግሥት (1967–1983)

ወታደራዊው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረደ። በየካቲት 25 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታወጀ። በደቡብ ጭሰኛው ጨፈረ። ጎጃም ግን ጭሰኛው ጥቂት፣ ርስተኛው ብዙ ነበር፤ አዋጁም የርስት አገሩን ገበሬ በዚያን ጊዜ የሚያርሰውን መሬት ይዞ እንዲቀጥል ፈቀደ። ትውልድ ቆጥሮ መጠየቅ ግን ቀረ። መሬት አጥቶ የኖረው ሸማኔና ቀጥቃጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርሻ አገኘ። ይህ ማንም ሊክደው የማይገባ የአዋጁ ፍሬ ነው።

አዲሱ ሥርዓት ለጎጃም ጥያቄ በመጀመሪያ የሰጠው መልስ ከሁሉም የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ። 800 ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ አንድ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ መሬቱን የሚደለድለው እርሱ፣ ሊቀ መንበሩን የሚመርጠው እርሱ፣ የፍርድ ሸንጎውም የእርሱ ሆነ። ዳኛውን ማን ይሹም ለሚለው ጥያቄ እንዲህ ያለ መልስ ከአዲስ አበባ መጥቶ አያውቅም።

ብዙ ሳይቆይ ግን ፈረሱ ጋላቢ ተቀየረበት። በ1968 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ታወጀ። ጎጃም በ1960 በደም ያስቀረው ግብር ስሙን ሳይቀር ይዞ ተመለሰ፤ ሰብሳቢው ደግሞ ገበሬው ራሱ የመረጠው ማኅበር ነበር። ንጉሡ በሦስት ሙከራ ያላስገቡትን ደርግ በአንድ አዋጅ አስገባ። ይህ የታሪኩ ትልቁ መታጠፊያ ይመስለኛል። ቀድሞ ማዕከሉ ከውጭ ይመጣ ስለነበር በር ላይ ይገታ ነበር፤ አሁን በአጥቢያው ተቋም ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ማንን ታባርራለህ? ሊቀ መንበሩ ጎረቤትህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። ጎጃም እህል የሚተርፈው አገር ስለሆነ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ከበደበት፤ ዋጋው ከገበያው በጣም ያንስ ነበር፤ በጎጃምና በአርሲ በእህል ነጋዴው ላይ የተጣለው ቁጥጥርም ከሌላው ክፍለ ሀገር የጠበቀ ነበር። ማምረቻ ኅብረት ሥራ፣ መንደር ምሥረታ፣ ብሔራዊ ውትድርና ተከታተሉ፤ ሁሉም የሚፈጸሙት በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው።

በ1968 የወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ለብሔረሰቦች ክልላዊ ራስ ገዝነት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ተስፋው አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ በሕገ መንግሥት ሲመጣ አገሪቱ አሐዳዊ ተባለች። በጥር 1979 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከድምፅ ሰጪው 81 ከመቶ ገደማ ደገፈው ተባለ፤ ከዚያም የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታወጀ። አዲሱ ሪፐብሊክ ጎጃምን ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ብሎ ከፈለ፤ ምኒልክ በ1893 ያደረጉትን የሚመስል አከፋፈል ነው። ሥልጣን ግን ከገዢው ፓርቲ ከኢሠፓ ማዕከላዊ ኮሚቴ አልወረደም።

ገበሬው ምን ያስብ እንደነበር የታየው በየካቲት 1982 ነው። መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅና አባልነት በፈቃድ ነው ሲል ኅብረት ሥራዎቹ በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው በሬና መሬቱን ተከፋፍሎ ወደ ቤቱ ገባ። አዋጅ ባይፈቅድለት ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በዓመቱ፣ በ1983 የካቲት፣ ደርግን ይወጋ የነበረው ኢሕአዴግ በቴዎድሮስ ዘመቻ ጎጃምን ሲይዝ ለደርግ የሚሞትለት ገበሬ አልነበረም።

ፌዴሬሽኑና ድልድሉ (1983–1998)

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በወረቀት ላይ ለማዕከሉ ትልቁ ገደብ ነው። ክልሎች የራሳቸው ምክር ቤት፣ ፖሊስ፣ በጀት አላቸው፤ የመገንጠል መብት እንኳ በአንቀጽ 39 ተጽፏል። የጎጃም ሰው ግን ይህን አልጠየቀም። የጠየቀው መሬቱን ነበር፤ አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገው። መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሄደ። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ሆነች፤ የክልሉ ዋና ከተማም ባሕር ዳር ሆነ። አገሩን በብሔር መክፈል አገር ያፈርሳል ብለው አጥብቀው የተከራከሩት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ለእስር ተዳረጉ፤ በ1991ም አረፉ። የእርሳቸው ክርክር ስለ አገሪቱ ቅርጽ ነበር። ከገበሬው ዘንድ ደግሞ ሌላው፣ የቆየው ክርክር እንደገና ተነሳ።

በ1989 የአማራ ክልል ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ በሁለቱ ጎጃሞችና በጎንደር ክፍል መሬት እንደገና ተደለደለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ያገለገለ ሰው ቢሮክራት፣ የቀድሞ ባላባት ዘር ደግሞ የፊውዳል ቅሪት ተብሎ ተፈረጀ። ሌላው ገበሬ እስከ 12 ጥማድ፣ ማለት 3 ሄክታር፣ ይዞ ሲቀር ለእነዚህ 4 ጥማድ ብቻ ተተወላቸው። ለብዙዎች ጥፋታቸው ጎረቤታቸው መርጧቸው በማኅበር ማገልገላቸው ነው። ከእነርሱ የተወሰደው ለወጣቶችና መሬት ለሌላቸው ተሰጠ፤ ያገኘው ተጠቅሟል፤ ለብዙ ዓመት ደጅ የጠና ወጣት ማሳ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ውሳኔው ግን ለሽማግሌ አልቀረበም፤ መዝገቡን የጻፉት ካድሬዎች ናቸው።

የተጎዱት ገበሬዎች ምን አደረጉ? እንደ 1960ው አባቶቻቸው መጀመሪያ አቤት አሉ። ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል ሄዱ፤ ከዚያም ተሰባስበው አዲስ አበባ ድረስ ተጓዙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈዋቸው ሰልፍ ወጡ። የተሰጣቸው መልስ ጉዳዩ የክልሉ ነው፣ ወደ ክልላችሁ ተመለሱ የሚል ነበር። በዚህ መልስ ውስጥ የፌዴሬሽኑ ችግር ሁሉ አለ። በንጉሡ ዘመን የቅርቡ ጌታ ቢበድል ወደ ሩቁ ይጮህ ነበር፤ የሩቁ ቢበድል በቅርቡ ይሸሸግ ነበር። አሁን ሁለቱም የአንድ ድርጅት አባላት ሆነው አንዱ ወደ ሌላው ይልክ ጀመር።

ከ1995 ጀምሮ ክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማደል ጀመረ። የባልና የሚስት ስም አብሮ የሚጻፍበት፣ ወሰኑ በጎረቤት ምስክርነት የሚረጋገጥ ደብተር ነው። ከ1934 ጀምሮ ልኬታን ሲያባርር የኖረው አገር ይህን ልኬታ በእልልታ ባይሆንም በፈቃድ ተቀበለ። የለካው የቀበሌው ኮሚቴ ነው፤ የተለካውም ለግብር ሳይሆን ለዋስትና ነው። እንግዲያው ገበሬው የጠላው ገመዱን አልነበረም ማለት ነው፤ የጠላው ገመዱን የያዘውን እጅ ነው።

የልዩ ኃይሉ ውሳኔ (2008–2015)

በሐምሌ 2008 ጎንደር ላይ የተጀመረው ተቃውሞ በነሐሴ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬም ደረሰ። መነሻው የወልቃይት የማንነት ጥያቄ ይሁን እንጂ ሰልፈኛው ያነሳው ሥልጣን በአንድ ድርጅት እጅ መያዙን ነበር። ኢሕአዴግ ከውስጡ ተናጋ፤ በ2010 አመራሩ ተለወጠ፤ በ2012 ብልጽግና ሆነ። አራት ድርጅቶች የነበሩበት ግንባር አንድ ወጥ ፓርቲ ሲሆን ለፌዴሬሽኑ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ብዙ ክርክር ተነስቶ ነበር።

በመጋቢት 2015 መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ መከላከያና ፖሊስ እንዲካተቱ ወሰነ። በሕግ ዓይን ሲታይ መንግሥቱ ምክንያት አለው፤ በየክልሉ የጦር ሠራዊት የሚያክል ኃይል ያለው ፌዴሬሽን ብዙ አይቆይም። ከሰሜኑ ጦርነት ለወጣው የአማራ ሕዝብ ግን የሚጠብቀው ኃይል ሳይመከር ከእጁ እንደተወሰደ ሆነ። በደጃዝማች ፀሐዩ ዘመን የጦር መሣሪያ ምዝገባው የፈጠረው ስጋት በልጅ ልጆች ዘመን ተመለሰ። በክረምቱ ፋኖ በሚባሉት የአማራ ታጣቂዎችና በመከላከያ መካከል ጦርነት ተከፈተ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለመገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። በ1960ው አመፅ በዚህ አገር ሰማይ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ወዲህ ገበሬው ሦስት ሥርዓት አሳልፏል፤ ንጉሡም ደርጉም ኢሕአዴግም።

ከአዋጁ በፊት በነበረው ቀን የፌዴራሉ መንግሥት እንዲገባ በደብዳቤ የጠየቁት የያኔው የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ይልቃል ከፋለ ነበሩ። ማዕከሉን ይገታል ተብሎ የተቋቋመው ክልል ማዕከሉን ጠራ፤ ዞኑና ወረዳው በኮማንድ ፖስት ሥር ሆኑ፤ የቀበሌው ሸንጎም ዝም አለ። በዚያው ነሐሴ ርእሰ መስተዳድሩ ተነስተው በአረጋ ከበደ ተተኩ። ለውጡን ያጸደቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ተጠይቆ የመለሰው ነገር የለም።